እጁ የሚቀና ሐኪም

የአንድ ሐኪም እጅ የሚቀና መሆኑ በምን ይታወቃል? እስካሁን መልሱን አላገኘሁም። በእኛ ቆቦ ግን የማያውቅ የለም። የት ልታከም ብላችሁ ጠይቁ፤ ስለ ትምህርቱም ስለ መሣሪያውም የሚነግራችሁ አታገኙም። "እጁ ይቀናል" ይሏችኋል፤ በቃ።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ካሳደግሁ በኋላ ነው። ዘንድሮ የመጽሐፉ መስመር ሲደበላለቅብኝ ዓይኔ ሊጠፋ ነው ብዬ ፈራሁ። ለማንም ግን አልተናገርኩም። "ድሮስ በዚህ ዕድሜ!" መባልን ማን ይወዳል? ጎረቤቴን እትዬ ዘሀራን ብቻ እንደ ዋዛ "ጥሩ ሐኪም የት ይገኛል?" አልኳቸው።

"ጎብዬ ከተማ ሂጂ! እጁ መድኃኒት ነው። የኔዋን በአንድ መርፌ አስነሳልኝ።"

የኔዋ ያሉት ልጃቸውን መስሎኝ ሄድኩ። ከፊቴ ሁለት ፍየሎችና አንዲት ጥጃ ወረፋ ይዘዋል። ባለቤቶቻቸው ሊታከሙ ሲመጡ የሚጠብቅላቸው አጥተው ይሆናል ብዬ ታገሥኩ። ተራዬ ሲደርስ ሐኪሙ ወደ ኋላዬ ተመለከተና "በሽተኛዋን የት አሰርሻት?" አለኝ።

ተመልሼ ለእትዬ ዘሀራ ስነግራቸው በሳቅ ሊሞቱ ደረሱ። "ወይ ጉድ! አንቺ መቼ ታመምሽ? እኔ እኮ ፍየልሽ መስላኝ ነው!"

"ዓይኔ ነው እትዬ" አልኳቸው። "ፊደሉ እየጠፋብኝ ነው።"

ሳቃቸው ቆመ። ሻሻቸውን አስተካክለው ተነሡ።

"ነገ አብረን እንሄዳለን" አሉኝ። "እጁ ይቅና አይቅና እንጃ፤ የሰው ሐኪም መሆኑን ግን አስቀድሜ እጠይቅልሻለሁ።"