ቀኑ ያልደረሰ ቱቦ

አንባቢዬ፣ ሁሉን ነገር «ቀኑ ገና ነው» እያለ የሚያሳድር ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? የደብረ ማርቆሱ ጎረቤቴ ደምሴ እንደዚያ ነበር። የአሮጌ ሞተር ሳይክሉን ማቀዝቀዣ ውሃ የሚያመላልሱት ጎማ ቱቦዎች ተሰነጣጥቀው ያንጠባጥባሉ። «ኧረ ቀይራቸው!» ስለው፣ «ቀኑ ካልደረሰ አይፈነዳም» ይለኛል፤ የጎደለውንም ውሃ ከዲማ ገዳም ባስመጣው ጠበል ይሞላል። ታዲያ ከዚህ በላይ ምን ጥገና አለ?

አንድ ቀን ሕመም የጠናባቸውን ታላቅ ወንድሙን አያ ሙላትን ከሮብ ገበያ ከተማ ወደ ሐኪም ቤት ሲያመጣ፣ ዳገት ላይ ቱቦው ፈነዳ። ጠበሉ እንፋሎት ሆኖ ወደ ሰማይ ወጣ፤ ሞተሩም ቆመ። መኪና እስኪገኝ አያ ሙላት እዚያው መንገድ ዳር ሕይወታቸው አለፈ።

ለቅሶው ላይ ደምሴ «ቀናቸው ደርሶ ነው» እያለ ሰውን ያጽናናል። የአያ ሙላትን ቀን ፈጣሪ ያውቃል፤ የቱቦው ግን ከደረሰ ዓመት አልፎት ነበር።