ማኅበር የገባው ሶላር

በ2002 ዓ.ም. ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጅጋ አጠገብ አዲስ ቤት አቁሜ፣ ጣራ ሳላለብስ ክረምት ደረሰብኝ። ቀበሌው ደግሞ «ሶላር የሌለው አዲስ ቤት ቆርቆሮ አይመታም» አለ። ቀበሌው የሚልከው ባለሙያ ሶላሩን አይቶ ካልፈረመልኝ ግድግዳዬ በዝናብ መናዱ ነው።

በማኅበራችን አዲስ ቤት የጀመርን ዐሥራ ሁለት ነን፤ ሶላሩ ግን አንድ። ታዲያ ምን ይደረግ? እንደ ጽዋችን ቤት ለቤት አዞርነው፤ ተራ የደረሰው ደግሶ ይቀበለዋል።

ወዳጆቼ፣ ዓይን እያለው የማያይ ባለሙያ ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛው ያንኑ ስንጥቅ ሶላር ዐሥራ አንድ ቤት አይቶ፣ ዐሥራ አንድ ጊዜ «እሰይ! ልማት ማለት ይህ ነው!» ብሎ ፈረመ።

እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ስንጥቁን በጣቱ ዳሰሰው።

«አባባ፣ ይህን ስንጥቅ አውቀዋለሁ።»

«እኔም አንተን አውቅሃለሁ፤ ከዐሥራ አንዱም ድግስ በልተሃል» አልሁት።

ብዕሩን አውጥቶ ፈረመልኝ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ፍኖተ ሰላም ቤት እየሠራሁ ነው። ነገ አለቃዬ ሊያይብኝ ይመጣል። ሶላሩን ያውሱኝ፣ አባባ?»

«ውሰት የለም፣ ልጄ። ተራ ነው፤ ባለተራ ደግሞ ይደግሳል።»

በማግስቱ ጠዋት ሶላሩን አህያ ላይ ጭኜ፣ ዐሥራ አንዱን ማኅበርተኛ አስከትዬ፣ ቁርስ ሳልቀምስ ፍኖተ ሰላም ገባሁ።