የሦስት ሰው ሚስጥር

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኔም በዚህ ተረት ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ፊደል ስላልቆጠርኩ የማውቀው ጥቂት ነው፣ ከእሱም ላይ የምናገረው ጥቂት። አሶሳ ላይ ግን በርታኛም አማርኛም ከቻልክ አፍህ ያንተ ብቻ አይደለም። ገበያ ስትሄድ ይጠሩሃል፣ ቀበሌ ስትሄድ ይጠሩሃል። ሆስፒታልማ አይወራ።

ጉልበቴን ልታይ አግዳሚው ላይ ተራዬን ስጠብቅ ወጣቱ ሐኪም ብቅ አለ። ከደጋ ተመድቦ የመጣ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው።

«አባባ፣ በርታኛ ይችላሉ? ነርሷ ዛሬ የለችም።»

እችላለሁ ብዬ ገባሁ። ውስጥ የተቀመጠችው ሃሊማ ናት፤ በቀርከሃ አጥር የምንዋሰን፣ ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ።

ሐኪሙ ሕግ አዋቂ ነው። የታካሚ ሚስጥር በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ፣ እኔ እንዳስተረጉምላት ትፈቅድ እንደሆነ መጀመሪያ ይጠይቁልኝ አለ። ጠየቅኳት። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ እምቢ ብትል እምቢታዋን የማስተረጉመው እኔው ነኝ።

መሬት መሬት እያየች «እሺ» አለች። ቫይረሱ ደሟ ውስጥ እንዳለ፣ መድኃኒቱን ካላቋረጠች ግን የልጅ ልጅ እንደምታይ በእኔ አፍ ሰማች። ስወጣ ሐኪሙ «ለማንም እንዳይናገሩ» አለኝ።

አልተናገርኩም። ለባለቤቴም። እንዲያውም ሚስጥሩ ከዓይኔ እንዳያመልጥ ብዬ ሃሊማን ማየት ተውኩ፤ በአጥሩ ላይ የምንለዋወጣት ሰላምታ እንኳ ቀረች። ጥንቃቄ መስሎኝ ነበር፤ ለእሷ ግን መሸሽ ነበር።

አንድ ጠዋት ጓዟን ቋጥራ አጥሩ ጥግ ቆመች።

«አጎቴ፣ መንጌ ወረዳ፣ እህቴ ጋ መሄዴ ነው። የት እንዳለሁ ለሰው አትንገር።»

«መድኃኒቱስ?»

«እዚያ ደግሞ ማን ሊያስተረጉምልኝ ነው? የእህቴ ባል?»

ሄደች።

ለጉልበቴ ስመለስ ሐኪሙ በሩን ዘጋና ድምፁን ቀነስ አደረገ። «ያቺ ሴት መድኃኒቷን ለመውሰድ ሳትመጣ ሰነበተች። የት እንዳለች ያውቃሉ፣ አባባ? እንደዚህ ከቀጠለች ትሞታለች።»

«ልጄ» አልኩት፣ «ለማንም እንዳይናገሩ ያልከኝ፣ አንተንም ይጨምራል?»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ሕጉ እዚህ ድረስ አልጻፈለትም መሰል። ጉልበቴን ነካ ነካ አድርጎ «ብርድ ነው» አለኝ። እኔም እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ወጣሁ።

ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው፣ መንጌ ላይ ያለ መድኃኒት የተቀመጠች ጎረቤት አልነበረችውም መሰለኝ።