የሰማንያ ሁለትና የሰማንያ ስምንት ጉባኤ

ባለፈው ረቡዕ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ውሃ መፍላቱን ስንገልጽ ታላቅ ኃላፊነት ይሰማናል። ውሃው የፈላው በአቶ ወልደጻድቅ አሮጌ ፔጆ 404 ራዲያተር ውስጥ ነው። መካኒኳ ዓናብ መጥታ የተቀደደውን ቱቦ ቀየረች፣ ውሃ ሞላች፣ እጇን ጠራርጋ ሄደች። ጉዳዩ በሃያ ደቂቃ አለቀ። ይህ ግን ለአንድ የሠርግ ኮሚቴ ክብር የሚመጥን አጨራረስ አልነበረም።

እሑድ የአቶ ወልደጻድቅ ልጅ ስምረት ታገባለች። እናቷ የተዳረችው በዚችው ፔጆ ነው፤ ካረፈች አምስት ዓመቷ። ስምረት ከአባቷ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ሰዓት ላይ በእናቷ መኪና ቤተክርስቲያን ደጃፍ መድረስ። ድንኳኑንም አበባውንም ለኮሚቴው ትታለች።

ኮሚቴውን የሚመሩት ጋሽ ኒቆዲሞስ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ድርጅት አገልግለዋል፤ ትኬት መስኮት ላይ። ስለዚህ ሞተር በተነሳበት ሁሉ ከእሳቸው በፊት የሚናገር የለም። ምክትላቸው ታይዋን ገበያ ውስጥ የግድግዳ ሰዓትና ቬንትሌተር የሚሸጠው ዳሂር ነው። ሐሙስ ዕለት ድንኳን ለመከራየት በተጠራው ስብሰባ ላይ ዳሂር እጁን አወጣ።

«ቱቦው ተቀየረ፤ ማሻአላህ። ቴርሞስታቱስ ስንት ነው?»

ቴርሞስታት፣ ለማታውቁ፣ የሞተሩ ውሃ ስንት ዲግሪ ሲደርስ ወደ ራዲያተር ይለፍ የምትል ትንሽ በር ናት። በከተማችን ስብሰባ ሳትጠራ የምትወስን ብቸኛ አካል መሆኗ ነው። ኮሚቴው ይህን አሠራር በዝምታ ሊያልፈው አልፈለገም። ስለ ድንኳኑ የተያዘው አጀንዳ ተላለፈ፤ ዓናብም ያለ ኮሚቴው ውሳኔ አንድም ብሎን እንዳትፈታ፣ አቶ ወልደጻድቅም ሞተሩን እንዳያስነሱ ተነገራቸው።

«ሰማንያ ሁለት!» አሉ ጋሽ ኒቆዲሞስ። «አገሩ ሞቃት ነው። በሩ ቶሎ ይከፈትና ሞተሩ ይተንፍስ።»

«ሰማንያ ስምንት፣» አለ ዳሂር። «አቦ ጋሼ፣ ሞተሩ ሙቀት ለምዷል። የዚህ አገር ሰው ነው።»

«የተወለደው ፈረንሳይ ነው!»

«ስልሳ ዓመት ድሬ ኖሮ ዛሬም የውጭ ዜጋ ነው የሚሉት? ወላሂ ይከብዳል።»

ዓርብ ዕለት ውይይቱ በበሰለ መንፈስ ቀጠለ። ሁለቱ ወገኖች ለየብቻ ለስላሳ ጠጡ። ጋሽ ኒቆዲሞስ ጥላ ሥር በቆመችው መኪና ኮፈን ላይ መዳፋቸውን አሳርፈው፣ «ትኩሳት አላት» ሲሉ በቃለ ጉባኤ ተመዘገበ። ከቤት ውጭ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ነበር።

ቅዳሜ የምግብ ኃላፊዋ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ታገሡ ታገሡና ተነሡ።

«በሉ ሰማንያ አምስት አድርጉትና ሄጄ ዶሮዬን ልይ።»

ታሪካዊ የማስማሚያ ሐሳብ ነው ተባለ። ዓናብ ተጠርታ ተጠየቀች።

«ለዚች መኪና ሰማንያ አምስት የሚባል አይቼ አላውቅም፣» አለች።

«አንቺ ያላየሽው ውሳኔው ስላልተላለፈ ነው፣» አሉ ጋሽ ኒቆዲሞስ በአባታዊ ርኅራኄ። የማጽደቂያው ስብሰባ ለእሑድ ጠዋት አንድ ሰዓት ተቀጠረ።

እሑድ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ኮሚቴው በአቶ ወልደጻድቅ ሳሎን ውስጥ ነው። ስምረት ቬሎዋን በሁለት እጇ ሰብስባ ግቢ ወጣች። አባቷ መኪናዋ አጠገብ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆመዋል።

«አባዬ፣ እንሂድ እንጂ። ቄሶቹ አይጠብቁም።»

«ኮሚቴው ይቀየማል፣ ልጄ። የሰፈር ሰው ነው።»

«የሚያገባው ኮሚቴው ነው?» የኮሚቴውን ውሳኔ ግቢ ውስጥ ወደምትጠብቀው ዓናብ ዞረች። «ዓናቤ፣ አሁን ያለው ስንት ዲግሪ ነው? በእሱ እንሂድ።»

ዓናብ አንዴ ሳሎኑን፣ አንዴ ሙሽራዋን አየች። ሁለት ብሎን ፈታች፣ የቴርሞስታቱን ክዳን አነሳች፣ አጎንብሳ ተመለከተች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች።

«ወላሂ ባዶ ነው።»

«ምን ማለት ባዶ?»

«ምንም የለም። መካኒኩ አባቴ ነው ያወጣው፤ ድሮ እንዳይግሉ ብሎ ለድሬ ታክሲዎች ሁሉ እንደዚህ ነበር የሚያደርገው። ሠላሳ ዓመት ያለ ቴርሞስታት ነው የሄደችው።»

አቶ ወልደጻድቅ መኪናቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳዩአት ሁሉ አዩአት። «ታዲያ ቤተክርስቲያን ታደርሰናለች?»

«ሐረር ስትመላለሱባት ኖራችሁ የለ እንዴ! አብሽር አባባ፣ ይግቡ።»

ክዳኑ ተመለሰ። ስምረት ከኋላ ገባች፤ ዓናብ ቬሎውን ጠቅልላ አስገባችላትና በሩን ዘጋች።

ሳሎን ውስጥ ጋሽ ኒቆዲሞስ የውሳኔውን መግቢያ እያነበቡ ነበር። ሞተሩ ሲነሳ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ማነው እዚህ መኪና የሚያስነሳው? ስለ መኪና እየተነጋገርን አይደለም እንዴ! ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ እባክዎ መስኮቱን ይዝጉልን።»

ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ውጭውን ጥቂት አዩ። እጃቸውን ለአንድ ሰው አወዛወዙና መስኮቱን ቀስ ብለው ዘጉት።

«እኔ ልሂድ መሰለኝ፣» አሉ ነጠላቸውን እያጣፉ። «ሠርግ አለብኝ።»

«ምልዓተ ጉባኤ እንዳይጓደል፣ ድምፅ ሰጥተው ይሂዱ፣» አሉ ሰብሳቢው።

ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሩ ላይ እንደቆሙ እጃቸውን አወጡ። ሰማንያ አምስት ዲግሪ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።