የክቡር ዙም ካሜራ የቆመ ዕለት

በየቤተሰቡ ካሜራ የያዘ አንድ ሰው አለ፤ ያ ሰው ደግሞ አርፎ ቆሞ አያውቅም። ሐኪም የሌለው ቤተሰብ አለ፤ ጠበቃ የሌለውማ ሞልቷል። በሠርግና በምርቃት መሀል ካሜራውን ትከሻው ላይ ሰቅሎ፣ «እንደሌለሁ ቁጠሩኝ» እያለ ታዳሚው ሁሉ እሱን ብቻ እንዲያይ የሚያደርግ አጎት የሌለው ቤተሰብ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ለዚህኛው ቤተሰብ የደረሱት ክቡር ዙም ነበሩ። «ዙም» ብላ ስም ያወጣችላቸው የታላቅ ወንድማቸው ልጅ ናት፣ በዘጠኝ ዓመቷ። «ክቡር» የሚለውን የጨመሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። በሥራ ቀን ከቤት ቤት እየዞሩ የመብራት ቆጣሪ የሚያነቡ፣ ከ«ደህና ዋሉ» የዘለለ ቃል የማይወጣቸው ሰው ነበሩ። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ካሴት የምትውጠውን፣ የዓመት ሕፃን የምታህለውን ጥቁር ካሜራቸውን ታቅፈው ብቅ ይላሉ፤ ያን ጊዜ ሙሽራ አይፈሩ፣ ሽማግሌ አይፈሩ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲገቡ የካሜራዋ ጎማ በቀኝ ዓይናቸው ዙሪያ ያተመው ቀይ ክብ ገና አይጠፋም ነበር። የሥራ ባልደረቦቻቸው ሠርግ እንደነበረ የሚያውቁት በዚያ ነው።

ካሜራ ለምን እንደሚንቀሳቀስ የራሳቸው ትምህርት ነበራቸው፤ ላልጠየቃቸውም ያስተምሩ ነበር። ወደ ሰው ፊት ቀስ ብሎ መቅረብ ተመልካቹን ትንፋሽ ያስይዘዋል። በአንዴ ዘሎ መቅረብ ያስደነግጠዋል። ወደ ኋላ መሸሽ ሆዱን ባር ባር ያሰኘዋል። ከጫማ ተነስቶ ወደ ፀጉር መውጣት ለሚቀረጸው ሰው ግርማ ሞገስ ይሰጠዋል። በሁለት ሰዎች ዙሪያ መዞር ደግሞ ፍቅር ነው፤ በቃ ፍቅር ነው፣ ማብራሪያም አያስፈልገው። «የቆመ ካሜራ የሚሆነው ለመታወቂያ ፎቶ ነው» ይሉ ነበር፣ ከመታወቂያ ጋር ቂም ያላቸው ይመስል።

ክፋቱ፣ ይህን ሁሉ ትምህርት በአንድ ካሴት ላይ መጨረሳቸው ነው። አንድ ጊዜ የሙሽራ እናት እንባ ፍለጋ ወደ ሴትዮዋ ዓይን ቀስ ብለው ቀረቡ። እንባው እንቢ ሲል አራት ደቂቃ ሙሉ እዚያው ደጅ ጠኑ። ሴትዮዋ በመጨረሻ አለቀሱ፤ በደስታ ይሁን በድንጋጤ እስካሁን አልታወቀም።

የአክስታቸው ልጅ ሲመረቅ ደግሞ ስሙ ተጠርቶ መድረክ እንደወጣ ክቡር ዙም ከጫማው ጀመሩለት። ጫማ፣ ካልሲ፣ የሱሪው ተኩስ፣ ጉልበት፤ ችኮላ ግርማ ሞገስን ስለሚያበላሽ አልቸኮሉም። ካሜራዋ ፊት ላይ ስትደርስ ልጁ ዲፕሎማውን ተቀብሎ ወርዷል፤ በቦታው ሌላ ተመራቂ ቆሟል። እስካሁን በዚያ ካሴት ላይ እግሩ የእሱ፣ ፊቱ የማያውቁት ሰው የሆነ ምሩቅ አለ። እናትየው ግን ካሴቱን ለእንግዳ ሁሉ ያሳዩ ነበር፣ ጫማው የልጄ ነው እያሉ።

የጽጌረዳውንም ነገር ቤተሰቡ አይረሳውም። በአንድ የአትክልት ቦታ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹ ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ ክቡር ዙም ከፊት ከፊታቸው ወደ ኋላ እየሄዱ ይቀርጻሉ፤ የተመልካቹን ሆድ ባር ባር እናሰኛለን ሲሉ ጽጌረዳው መሀል ዘፍ አሉ። ካሴቱ ላይ አርባ ሰከንድ ሙሉ ሰማይ ይታያል። ከሰማዩ ውስጥ «አትቁሙ፣ ቀጥሉ፣ ጥሩ እየሄደ ነው» የሚል የተረጋጋ ድምፅ ይሰማል።

ይህ ሁሉ የሚታየው እሑድ ከሰዓት ነው። የታላቅ ወንድማቸው ሳሎን በሰው ይሞላል፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ዳንቴል ይነሳል፣ ክቡር ዙም ካሴቱን በሁለት ጣታቸው ይዘው እንደ ሐኪም ጎንበስ ብለው ያስገባሉ። ምስሉ ወደ ግራ ሲሄድ ሶፋው ላይ ያለው ሕዝብ በሙሉ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ወደ ቀኝ ሲመለስ አብሮ ይመለሳል። አንዲት አክስት ሎሚ ሳይዙ አይቀመጡም ነበር። ማንም ግን ተነስቶ አይሄድም፤ ቀጥሎ ካሜራዋ የት እንደምትሄድ ሳያዩ መሄድ አይቻልማ። «ዙም» ያለቻቸው ልጅ ምንጣፉ ላይ የአባቷን እግር ተደግፋ ትቀመጥ ነበር። ዛሬ ያ ሳሎን የሌላ ሰው ነው፤ ያ እሑድ ግን እንዴት ይናፍቃል።

ልጅቱ አድጋ የፊልም ሥራ ተማረች፤ ጥፋቱ የአጎቷ ነው። መምህሯ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ምክንያት የሌለው የካሜራ እንቅስቃሴ ተመልካችን ከማድከም በቀር ፋይዳ የለውም ብለው ሲያስተምሩ በቤተሰቧ ላይ የመጡ መሰላት። በሦስተኛው ወር ተስማማች። በሁለተኛው ዓመት ከመምህሯ ብሳ ተገኘች። ተመርቃ ሥራዋ ፊልም መቁረጥና መቀጠል ሲሆን የአጎቷንም ካሴቶች እጇ አስገባች፤ የሦስት ሰዓቱን ሠርግ አርባ ደቂቃ ታደርገዋለች። ክቡር ዙም አጠገቧ ተቀምጠው ያያሉ። ያቺን ከምንጣፍ ተነስቼ አምፖሉ ጋ የደረስኩባትንም ትቆርጫታለሽ ወይ ይሏታል። «እሷንም፣ ጋሼ» ትላቸዋለች። እሺ ይሉና ሻያቸውን ፉት ይላሉ። ያሳዝኗት ነበር፤ ቢሆንም ትቆርጥ ነበር።

እንዲህ እንዳሉ የራሷ ሠርግ ደረሰ። ሠርግ ይባል እንጂ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መፈራረም ብቻ ነው፤ ድግሱ ቀርቷል። አባቷ በሳንባ ሕመም አልጋ ከያዙ አራተኛ ወራቸው ነበር። ሻል እስኪልህ እንቆይ ብትላቸው አሻፈረኝ አሉ። መቆየት ለምን እንደማይሆን ሁለቱም ያውቁታል። አባትየው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ ስትፈርምና ቀለበት ሲደረግላት ማየት። ሌላው ቢቀር ይቅር አሉ።

በዚያ ዘመን ስልክ ከማውራት በቀር ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ በቤተሰቡ ውስጥ ካሜራ ያላቸው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ናቸው። ልጅቱ ሦስት ቀን ስታወጣ ስታወርድ ቆይታ አጎቷ ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ ካሜራው ባለ ሦስት እግሩ ስታንድ ላይ ይቆማል። ማንም አይነካውም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ትንሽ እንኳ። አባዬ ከሠርጌ የሚያየው ይቺን ካሴት ብቻ ነው።»

ክቡር ዙም ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ጣሪያውንም ከግራ ወደ ቀኝ ነው ያዩት።

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» አሉ በመጨረሻ።

«አንተማ እንደ ሰው ቆመህ እይ።»

ቃል ገቡ። ቃላቸውንም ጠበቁ፤ ይህ ሊመሰከርላቸው ይገባል። በዕለቱ ሙሽሪት ቀሚሷን ሰብስባ ስታንዱን ራሷ ተከለች፣ ብሎኑን ራሷ አጠበቀች። ጠረጴዛው፣ መዝገቡ፣ ሁለቱ ወንበሮች ቁልጭ ብለው መታየታቸውን አረጋገጠች። የካሜራው ቀይ መብራት ሲበራ ሄዳ ሙሽራው አጠገብ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ፊልም ቆራጭነቷን ረሳችው፤ ሙሽራ ነበረች፤ ፊቷ ያለው ወረቀትም በእንባ እየራቀ እየቀረበ ያስቸግራት ነበር።

ከማዘጋጃ ቤት በቀጥታ ወደ አባቷ ቤት ሄዱ። አባትየው ጢማቸውን ተላጭተው፣ ከፒጃማው በላይ ኮትና ክራቫት አድርገው፣ ሦስት ትራስ ተደግፈው ይጠብቃሉ። ቴሌቪዥኑ ከሳሎን መጥቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሙሽሪት ካሜራውን በገመድ አገናኘችው፤ ሙሽራው መጋረጃውን ሳበው። ክቡር ዙም በሩን ተደግፈው ቆሙ።

አጀማመሩ የሚያምር ነበር። ጠረጴዛው ቀጥ ብሏል፣ ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ሙሽሮቹ መሀል ላይ ተቀምጠዋል፤ መምህሯ ቢያዩት በኮሩባት። መዝጋቢዋ መዝገቡን ገለጠች። ይህን ጊዜ ከግራ በኩል አንድ ግራጫ ኮት ገባ። ገብቶም ቆመ። ጠረጴዛውን፣ መዝገቡን፣ ሙሽሮቹን ጥርግ አድርጎ ሸፈናቸው።

የክቡር ዙም ጀርባ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ እሳቸው ባሉበት ካሜራዋ፣ ካሜራዋ ባለችበት እሳቸው ነበሩ፤ ከካሜራ ፊት ዞር ማለት የሚባል ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። ጥሩ ሆኖ የሚታይበትን ቦታ መረጡና ቆሙ፤ ለእሳቸውም ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ታያቸው።

ሙሽሪት ፊቷ ጋለ። ካሴቱን ወደ ፊት አስኬደችው፤ ኮት። ጨምራ አስኬደችው፤ ኮት። አሥራ አንድ ደቂቃ፣ እስከ መጨረሻው። የዛሬ ጠዋት ተመልሶ አይመጣም፤ አባቷ ደግሞ አጠገቧ ተላጭተው፣ ክራቫት አስረው ተቀምጠዋል። ወደ በሩ ዞራ አጎቷን ለማየት አቅም አጣች። ክቡር ዙም ያንኑ ኮት እንደለበሱ ናቸው፤ ፊታቸውም የኮቱን ቀለም ይዟል። እጇን ወደ ማጥፊያው ላከች።

«ተይው» አሉ አባቷ። «ወደ መጀመሪያው መልሺና ተይው።»

መለሰችው። ኮቱ ገባ፣ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ከአንገቱ ቀደም እያለ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ወደ ፊት አዘነበለ።

«አሁን እስክሪብቶውን ሰጧት» አሉ አባቷ።

«በምን አወቅህ አባዬ?»

«አብሮኝ ነው ያደገው። የሚወደውን ነገር ሲያይ አንገቱ ነው የሚቀድመው።» ወዲያው ኮቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ አባትየውም ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ምነው? አልጽፍ አለ እንዴ?»

ሙሽራው ሳቀ። እውነት ነው፤ እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎ መዝጋቢዋ ሌላ ፍለጋ መሳቢያ ስትከፍት ነበር። ለአባትየው ማንም አልነገራቸውም። ከዚህ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ጀርባ ማንበብ ጀመረ። ወደ ግራ ሲዘም ሙሽራው እየፈረመ ነው። ወደ ቀኝ ሲመለስ ተራው የእሷ ነው። እጆቹ ማረፊያ አጥተው አንዴ ኪስ ይገባሉ፣ አንዴ አየር ላይ ይቀራሉ፤ እግሮቹ ግን ወደ ፊት ይጠጋሉ፣ ይሸሻሉ፣ ይመለሳሉ። ያቺ ስታንድ ላይ የታሰረች ካሜራ የተከለከለችውን ሁሉ ሰውየው በገዛ አካላቸው እያደረጉላት ነበር።

ከዚያ ኮቱ ከፍ አለ። ተረከዛቸውን አንስተው ነው። ከፍ ብለው ቀሩ።

«ቀለበቱ» አሉ አባቷ፣ ያቺኑ ያለቻቸውን ትንፋሽ ይዘው።

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ሁለቱ ሥራ ፈት እጆች ቀስ ብለው ተነስተው ፊት ላይ ሄዱ፤ የግራጫው ኮት ትከሻ ተንቀጠቀጠ።

«እዚህ ጋ አለቀሰ» አሉ አባቷ። «በቦታው ብሆን እኔም እዚህ ጋ ነበር የማለቅሰው።» አለቀሱም።

ሙሽሪት ከዚያ ወዲህ ስንት ፊልም ቆርጣለች፤ እንጀራዋ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች በሁለት ዓመት ልዩነት አርፈዋል። በሺህ ከሚቆጠረው የአጎቷ ካሴት ውስጥ እሳቸው ራሳቸው ያሉበት ያ ብቻ ነው። አሥራ አንዱን ደቂቃ አንዲት ሰከንድ ሳትነካ አስቀምጣዋለች። የሠርግሽን ቪዲዮ አሳዪን የሚሏትን እንግዶች ከዚያ ጀርባ ፊት ታስቀምጥና ጠረጴዛው መቼ እንደሚታይ ቢጠይቋት አትመልስላቸውም።

ያን ዕለት ግን ገና አላበቃም ነበር። አባቷ ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ፣ እግራቸውን ሰብስበው አልጋው ጫፍ ላይ ቦታ ለቀቁ፣ ወንድማቸውንም በዓይናቸው ጠሩ። ክቡር ዙም መጥተው ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ሙሽሪት ካሴቱን እንደገና ወደ መጀመሪያው መለሰችው። ሌላውን ሰው ሲቀርጹ የኖሩት ሰው በዚያ ዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን ከኋላ ልብ ብለው አዩ፤ አንገታቸውንም ወደ ፊት አስግገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«ጀርባዬ እንዲህ ጎብጧል እንዴ?» አሉ።

«ድሮም ጎባጣ ነህ» አሉ ታላቅ ወንድማቸው። «ዝም በልና እይ፤ አሁን ልትፈርም ነው።»