ጋሽ ታምሩ የሣሏቸው ሐዋርያት

መካኒክ ፊት ስንቆም ዝም እንላለን፤ ስለ ሞተር እንደማናውቅ እናውቃለንና። ሐኪም ፊትም እንደዚያው ነን። ሰዓሊ ፊት ግን፣ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ አላዋቂ የሚባል ሰው የለም።

እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ላለው ቤተ ክርስቲያናችን አሥራ ሁለቱን ሐዋርያት የሚሥል ሰው ሲፈለግ ጋሽ ታምሩን የጠቆምኩት እኔ ነኝ። እዚህ ሥራቸው አየር ማረፊያ ዊልቼር መግፋት ነው፤ አገር ቤት ግን ዕድሜያቸውን የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲሥሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ፣ የባለቤቴ ወንድም፣ አንድ ነገር ብቻ አዘዘ፤ ዴንቨር ሙዚየም ውስጥ እንዳየው የድሮ የስፔን የመሠዊያ ሥዕል ወርቅ በወርቅ ይሁንልን አለ።

በኦፍ ቀናቸው ሙዚየሙ ይዣቸው ሄድኩ። ጋሽ ታምሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ሥዕሉ ፊት አንድ ሰዓት ያህል ቆሙ። ጴጥሮስ ቁልፉን፣ በርተሎሜዎስ ደግሞ ቆዳው የተገፈፈበትን ቢላዋ ይዟል። ከሥር በተሣለው የመጨረሻ ራት ላይ ይሁዳ ብቻ ፊቱን አዙሮ በአንድ ዓይን ይታያል።

«እነዚህ ሰዎች የኛን ሥራ ያውቁታል» አሉኝ። «እኛም ክፉን ሰው በአንድ ዓይን ነው የምንሥለው።» ፊታቸው እንደዚያ ሲፈታ አይቼ አላውቅም።

አምስት ወር ከሥራ መልስ ሣሉ። ወርቁ የስፔኖቹ ነው፤ ትልልቁ ዓይንና ጠይሙ ፊት የኛው።

ኮሚቴው ሸራውን ዘርግቶ አየ። «ቢላዋው ልጆችን ያስፈራል» አለ አንዱ። «ፊታቸውም ጠቁሯል» አለች ሌላዋ፤ እሷ ራሷ ከሐዋርያቱ ትጠቁራለች። ሰብሳቢው ከስልኩ ፀጉረ ወርቅ ሐዋርያት አውጥቶ አሳየን። ፕሪንት ቢደረጉ በሦስት ቀን ይደርሳሉ አለ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። ሙሉ ድምፅ ማለት እኔንም ጨምሮ ነው። ምን ላድርግ፣ እሑድ እሑድ ምሳ የምንበላው እሱ ቤት ነው።

ጋሽ ታምሩን ግሌንዴል ወዳለው አፓርታማቸው ያደረስኳቸውም እኔ ነኝ። ሸራው ተጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ላይ ተጋድሟል።

«አንተስ ምን አልክ?» አሉኝ ቀይ መብራት ላይ ስንቆም።

«ጋሼ፣ ብዙኃኑ እኮ…»

«ብዙኃኑን አልጠየቅኩህም።»

ከኋላዬ ያለው መኪና ጥሩምባ ነፋብኝ፤ ነዳሁ። በራቸው ላይ ፓርክ አድርጌ ሸራውን ልያዝልዎ ብል እምቢ አሉ። ብቻቸውን ተሸክመው ደረጃውን ወጡ።

ዛሬ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄዱት። እንግዳ ልቀበል ሄጄ አየር ማረፊያ ስንገናኝ ግን አይሸሹኝም። የሚገፉትን ዊልቼር አቁመው፣ በዕድሜ ልጃቸው የምሆነውን እኔን፣ ጎንበስ ብለው «እንዴት ሰነበቱ?» ይሉኛል።

«አንተ» ብለውኝ አያውቁም ከዚያ ወዲህ።