ጋሽ ቆይ እስቲ እና የጋዙ ሽታ

ሌላው ያልሸተተው ነገር የሚሸተው አንድ ሰው በየቤተሰቡ አይጠፋም። ሁሉም ጫማውን አጥልቆ ደጅ ሲወጣ እሱ በር ላይ ቆሞ አፍንጫውን ያነሳል። ምድጃው ጠፍቷል? ጠፍቷል። ይህን በጆሮው ሰምቶም ተመልሶ ይገባል።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ማኅበር ቢያቋቁሙ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሾፌር ያለ ምርጫ ሊቀ መንበር ይሆን ነበር። ከአፉ የማይለየውን ቃል ይዞ ሰፈሩ «ጋሽ ቆይ እስቲ» ብሎታል። ሚስቱም ድሮ በዚህ ስም ትስቅ ነበር።

ጡረታ ሲወጣ፣ ከኋላዋ አልጋ፣ ምድጃና ትንሽ ፍሪጅ የተገጠመላት አሮጌ መኪና ገዛ። ለሽርሽር አይደለም። ሚስቱ ወገቧን ኦፕራሲዮን ከሆነች ወዲህ ብዙ መቀመጥ ስለማትችል አውቶቡስ የሚባል ነገር አይታሰብም። ታላቅ እህቷ ደግሞ በወዲያኛው የአገሩ ጫፍ ታማ አልጋ ላይ ውላለች። በዚህች መኪና ተጋድማ እህቷ ደጃፍ ድረስ ልትሄድ ነበር። መኪናዋ ግን እስካሁን ከግቢው በር አላለፈችም።

ምክንያቱም ጋዙ አንዳንዴ ይሸታል። ሁልጊዜ ቢሸት ይገኛል፣ ጨርሶ ባይሸት ይኬዳል፤ ሰው የሚገድለው ይሄ «አንዳንዴ» ነው። ፍሪጁ የሚሠራው በጋዝ ስለሆነ፣ መድኃኒቷ እንዳይበላሽ ሲሊንደሩ የሚከፈተው ለጉዞ ሲሰናዱ ነው። እናም ሻንጣው ተጭኖ፣ እሷም ትራሷን አስተካክላ ጋደም ስትል፣ ከፊት «ቆይ እስቲ» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሞተሩ ይጠፋል። ክቡር አፍንጫ ይወርዳሉ።

ክቡርነታቸው በመኪናዋ ጎን ያለውን የሲሊንደር ሳጥን ወለል አድርገው ይከፍቱና በብሩሽ የሳሙና አረፋ ይቀባሉ። ጋዝ የሚያፈስበት ቦታ ካለ አረፋው ይነፋል። ቱቦው ሁሉ ሊላጭ የተዘጋጀ አገጭ እስኪመስል ይቀባል፣ አረፋው ግን ንቅንቅ አይልም። ያኔ ምርመራው ይሰፋል። ፍራሹ ወርዶ ፀሐይ ይሰጣል። ጎረቤት ወጧን ከምድጃ እንድታወርድ ትለመናለች። አንድ ቀን የሚስቱ የወገብ ቅባት ተጠርጥሮ ሦስት ቤት ርቆ ከረመ። የጋዝ ሠራተኛ ተጠርቶም ነበር፤ ሳጥኑን ከፍቶ መሣሪያውን በየጥጉ ካዞረ በኋላ፣ ሲያረጁ አፍንጫም ያረጃል ብሎ ሄደ። ጋሽ ቆይ እስቲ መሣሪያው ጉንፋን ይዞታል ብሎ ፈረደ።

ነፋስ ካለ ደግሞ ሽታው ይጠፋል። ስለዚህ ምስክር ይፈለጋል፤ ጎረቤት፣ መንገደኛ፣ ዳቦ የሚያዞረው ሰውዬ እንኳ ተጠርቶ እንዲያሸት ተደርጓል። ሚስቱን ግን አንድ ቀንም ጠይቋት አያውቅም። «ምንም አይሸትም» ብትለው ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋታል። ይሄ ከሁሉም በላይ አንጀቷን ያቃጥላታል።

እህቷ መጀመሪያ ስትደውል «መቼ ነው የምትመጪው?» ትል ነበር። በኋላ መጠየቁን ተወችው፤ ስለ አየሩ ብቻ ታወራለች። ሚስትየው እህቷን በዓይኗ ሳታይ እንደምትቀር እያመነች መጣች።

አንድ ጠዋት የእህቷ ልጅ ደውላ የእናቷ ድምፅ እየደከመ መሆኑን ነገረቻቸው። ሻንጣው በጥድፊያ ተጫነ፣ ጋዙ ተከፈተ፣ ሞተሩ ተነሳ።

«ቆይ እስቲ» አለ።

እሷ ወገቧን ደግፋ ወረደች። እሱ ሳጥኑን ከፍቶ አረፋውን ቀብቶ ጨርሷል።

«እህቴ ልትሞትብኝ ነው፤ አንተ ታሸታለህ» አለችው። «ወገቤ እንደፈለገ ይሁን፣ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

የሳጥኑን በር በንዴት ድርግም አድርጋ ዘጋችውና ወገቧ አላስቆም ሲላት እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። በበሩ ግርጌ የአየር መግቢያ ወንፊት አለ። በዚያ ወደ ውስጥ አየች። ቱቦው ላይ ያለው አረፋ ይነፋል፣ ይፈነዳል፣ ደግሞ ይነፋል።

«ና እስቲ እይ» አለች።

በሩን ሲከፍቱት አረፋው ጸጥ አለ። ሲዘጉት ነፋ። በሩ ሲዘጋ ቱቦውን ይጫነውና እጥፋቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ይከፈታል፤ ፈላጊው ሁሉ ደግሞ ሥራውን የሚጀምረው በሩን በመክፈት ነበር።

«አላልኩሽም?» እስኪላት ጠበቀች። እሱ ግን ሲሊንደሩን ዘግቶ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እኔኮ ማሽተት ከተወኝ ቆየ» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከወጥ ቤት እንዳታስወጣኝ ብዬ ነው የደበቅኩህ።»

«አውቃለሁ። ወተቱ አጠገብሽ ሲያር አንቺ በመስኮት ውጭ ታያለሽ።» ብሩሹን በሱሪው ጠረገው። «እኔ ከፊት መሪ ይዤ አንቺ ከኋላ ብትተኚ፣ ማን ያሸትልሻል?»

በዚህ ሰውዬ ስንት ቀን ጥርሷን እንዳፋጨች ትዝ ሲላት አለቀሰች።

የጋዝ ሠራተኛው መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ አዲስ ቱቦ አስገባ፤ በሩን ዘግቶም ሞከረው። ከዚያ ወጡ። እህቷን በሕይወት ታግኛት አታግኛት አታውቅም፤ ለእህቷ ልጅ «መንገድ ላይ ነን በያት» ብላ ደወለች። ከተማው ሲያልቅ፣ ከፊት ምንም ድምፅ ሳይመጣ፣ እሷ ከአልጋው ላይ «ቆይ እስቲ» አለች።

መኪናዋን ዳር አስይዞ እየሮጠ መጣ። «ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ምንም። አንዴ አሽትትልኝና ልተኛ።»

ጋሽ ቆይ እስቲ አፍንጫውን አነሳ፤ በምድጃው በኩል፣ በፍሪጁ በኩል፣ በትራሷ በኩል ዞረ።

«ሰላም ነው» አላት። እሷም ዓይኗን ጨፈነች።